የኮሌጅ ድረ ገጽ የማን ሥራ ነው?

የባንክ ወይም የአየር መንገድ ድረ ገጽ አንድ ባለቤት አለው፤ የኮሌጅ ድረ ገጽ ግን ባለቤቱ ብዙ ነው። ሬጅስትራሩ የምዝገባ ቀን ያወጣል፤ ቤተ መጻሕፍቱ የሥራ ሰዓቱን ይለጥፋል፤ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል የመምህራኑን ስምና የኮርሶቹን ዝርዝር ያኖራል፤ ግዥ ክፍሉ ጨረታ ያስነግራል፤ የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ደግሞ የእንግዶችን ጉብኝትና የመግባቢያ ሰነድ ፊርማን በፎቶ አስደግፎ ያቀርባል። ይህ ሁሉ በአንድ ስምና በአንድ አርማ ሥር ይወጣል። የድረ ገጽ ዲዛይነሩና የኮሚዩኒኬሽን ባለሙያው ሥራ ከውጭ ሲታይ የቀለም፣ የፎቶና የፊደል ቅርጽ ምርጫ ይመስላል። የሥራ ቀናቸው የሚያልቀው ግን አንድን ዓረፍተ ነገር ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳጸደቀውና ጊዜው ሲያልፍ ማን እንደሚያነሣው በማጣራት ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ያላገኘበት ኮሌጅ ድረ ገጹን የቱንም ያህል ቢያሳምረው፣ በዓመቱ ተመልሶ ያረጀ ማስታወቂያ መከመሪያ ይሆናል።

ድረ ገጽ የተወለደው በንግድ ቤት ሳይሆን በምርምር ተቋም ነው። ቲም በርነርስ-ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሐሳባቸውን በጽሑፍ ሲያቀርቡ፣ ያነሡት ችግር ዛሬም ኮሌጆችን የሚያስቸግር ነው፦ ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፤ ማን ምን እንደሠራና የትኛው ሰነድ የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው ሲሄድ መረጃውም አብሮት ይሄዳል። ከአውሮፓ ውጭ የመጀመሪያው የድረ ገጽ ሰርቨር በ1991 ታኅሣሥ ወር ላይ ሥራ የጀመረውም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚተዳደረው ስላክ በተባለው የፊዚክስ ላቦራቶሪ ነው። ዓላማው ቀላል ነበር፤ ተመራማሪዎች ካሉበት ሆነው የላቦራቶሪውን የጽሑፎች መዝገብ እንዲፈልጉበት። ሰርቨሩን ያቆሙት አንድ የፊዚክስ ተመራማሪና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ነበሩ። ተራው ሰው ሥዕልና ጽሑፍ አንድ ላይ የሚያይበት ሞዛይክ የተባለው ማሰሻ ደግሞ በ1993 የወጣው ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዶት ኢዲዩ የሚያበቃው የአሜሪካ ኮሌጆች አድራሻ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ ከ1985 ጀምሮ ያለ ነው።

በነዚያ ዓመታት የኮሌጅ ገጽ የሚሠራው የቻለ ሰው ነበር። አንዱ ጋ የኮምፒውተር ማዕከሉ ሠራተኛ፣ ሌላው ጋ የማስተርስ ተማሪ፣ ሌላው ጋ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ። ለመመዝገብ የሚያስቡ ወጣቶች ከታተመው ብሮሸር ይልቅ ኮምፒውተሩን ማየት ሲጀምሩ ግን የሕዝብ ግንኙነት ቢሮው ወደ ሥራው ገባ፤ ክርክሩም ያን ጊዜ ተጀመረ። ሰርቨሩና የይለፍ ቃሉ በኮምፒውተር ክፍሉ እጅ ነው፤ ቃሉና ፎቶው ከሕዝብ ግንኙነት ይመጣል። በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ድረ ገጽ ሲያወጡ ይኸው ክፍፍል ተከትሏቸዋል። የአይሲቲ ዳይሬክቶሬቱ «እኛ ሲስተሙን ነው የምናውቀው፣ ይዘቱ አይመለከተንም» ይላል። የኮሚዩኒኬሽን ዳይሬክቶሬቱ «ጽፈን ልከናል፣ የሚጭነው አጣን» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ተማሪው ግን ያለፈውን ዓመት ካሌንደር እያየ ይመዘገባል።

ሜልቪን ኮንዌይ የተባሉ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አንድ ድርጅት የሚነድፈው ማንኛውም ሥርዓት የድርጅቱን የውስጥ ግንኙነት መልክ ይዞ እንደሚወጣ አስረድተዋል። ጽሑፉ ድረ ገጽ ከመኖሩ ከሃያ ዓመት በፊት የወጣ ቢሆንም ለኮሌጅ ድረ ገጽ ከዚህ የሚቀርብ ማብራሪያ የለም። የብዙ ኮሌጆችን ዋና ዝርዝር የከፈተ ሰው የሚያገኘው የተቋሙን መዋቅር ነው፦ የፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት፣ የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት፣ የአስተዳደርና ልማት ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ዳይሬክቶሬቶች። ይህን መዋቅር የሚያውቀው በውስጡ የሚሠራው ነው። ከውጭ የመጣው ሰው የሚያውቀው ጉዳዩን ብቻ ነው፤ ጉዳዩ በየትኛው ምክትል ፕሬዚዳንት ሥር እንደሚወድቅ ማወቅ አይጠበቅበትም። ራንዳል መንሮ የተባሉት የካርቱን ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ኤክስኬሲዲ በተባለው ተከታታይ ሥዕላቸው ሁለት ክቦች ስለው፣ በአንዱ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ ገጻቸው ላይ የሚያስቀምጡትን፣ በሌላው ሰዎች ፈልገው የሚመጡትን ዘርዝረው ነበር። ሁለቱ ክቦች የሚገናኙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በተቋሙ ሙሉ ስም። ሥዕሉ የተሣለው ለሳቅ ብቻ አይመስልም።

ነገሩን በአንድ ጉዳይ ቀረብ ብሎ ማየት ይቻላል። ከአንድ የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ዛሬ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የምትኖር ሴት ትራንስክሪፕቷ ለሌላ ዩኒቨርሲቲ እንዲላክላት ትፈልጋለች እንበል። ማመልከቻው የሬጅስትራር ነው። ክፍያው በፋይናንስ በኩል ያልፋል። በእጇ ያለው ቴምፖ የሚባለው ጊዜያዊ ማስረጃ ብቻ ከሆነና ዋናውን ዲግሪ ማውጣት ከፈለገች የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ዕዳዋን ስለመክፈሏ ማስረጃ ይጠየቃል። በአካል መቅረብ ስለማትችል ወንድሟን ወይም እናቷን መወከል አለባት፤ ውክልናውም በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል የሚያልፍበት የራሱ መንገድ አለው። እነዚህ ቢሮዎች እያንዳንዳቸው በድረ ገጹ ላይ የየራሳቸው ገጽ ቢኖራቸውና ሁሉም የየድርሻቸውን በትክክል ቢጽፉ እንኳ፣ ሴትዮዋ የሚያስፈልጋትን አታገኝም። የሚያስፈልጋት «ከውጭ አገር ሆኖ ትራንስክሪፕት ለማስላክ» የሚል አንድ ገጽ ነው፤ ምን ምን ይዛ እንደምትቀርብ፣ የትኛው ቢሮ እንደሚቀድም፣ ስንት እንደሚከፈልና በየትኛው የባንክ ሒሳብ፣ ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ ሲዘገይ ወዴት እንደሚደወል በቅደም ተከተል የተጻፈበት።

እንዲህ ያለውን ገጽ ለመጻፍ የኮሚዩኒኬሽን ባለሙያው አራት ቢሮ መዞር አለበት። የሚያጋጥመውም አብዛኛውን ጊዜ አራቱ ቢሮዎች እርስ በርስ የማይስማሙ መሆናቸው ነው። ሬጅስትራሩ ክሊራንስ ይቅደም ይላል፣ ፋይናንሱ ክፍያ ይቅደም ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ አለመስማማቱን ሲሸከም የኖረው በየመስኮቱ የሚመላለሰው ባለጉዳይ ነበር። ገጹ ሲጻፍ ግን አንድ ሰው መወሰን ግድ ይሆንበታል። የኮሌጅ ኮሚዩኒኬሽን ሥራ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አሠራሩን ግልጽ አድርጎ የመጻፍ ግዴታ አሠራሩን ራሱን ያስተካክላል። ይህን የሚያደርገው ባለሙያ ግን ማዕረጉ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ሁለት የሥራ ክፍል ኃላፊዎችን አንድ ቃል ላይ ማምጣት አይችልም። ስለዚህ ድረ ገጹ ከምክትል ፕሬዚዳንት ባላነሰ ሰው እጅ መሆን አለበት የሚለው አስተያየት ለክብር ሳይሆን ለሥራ የሚነሣ ነው።

የድረ ገጹ ዋና አንባቢ ማን እንደሆነ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ ኮሌጁ ተማሪ ፈልጎ ማግኘት ስላለበት ድረ ገጹ ከሁሉ በፊት የቅበላ ክፍሉ መሣሪያ ነው። የክፍያው ነገር እዚያ ትልቅ ጉዳይ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ፣ ከመንግሥት የትምህርት እርዳታ የሚጠቀሙ ኮሌጆች የተማሪውን ሁኔታ አስገብቶ ከእርዳታ በኋላ የሚቀረውን ወጪ የሚገምት ማስሊያ በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያኖሩ ያዛል፤ ግዴታው ከጥቅምት 2011 ጀምሮ ይሠራል። ሕግ በድረ ገጽ ላይ ምን መኖር እንዳለበት ሲያዝ የኮሚዩኒኬሽን ቢሮው ሥራ ከማስታወቂያነት ወደ ሕዝባዊ መዝገብነት ይሸጋገራል። ማስሊያውን ሦስት ገጽ ወደ ውስጥ የሚደብቁት ኮሌጆች መኖራቸው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ የኢትዮጵያውያን ልጆች የሚማሩባቸው የማኅበረሰብ ኮሌጆች አሉ፤ እዚያ የእርዳታ ማመልከቻ ቅጹን የሚሞላው ልጁ ቢሆንም ስለ ገቢ የሚጠየቀው ወላጅ ነው። በእንግሊዝኛ የቢሮ ቋንቋ የተጻፈውን ልጁ ለአባቱና ለእናቱ እየተረጎመ የሚያስረዳ ከሆነ፣ ገጹ ለሁለት አንባቢ እንደሚጻፍ መታወቅ አለበት፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ቃሉ ተራ ይሁን የሚባለውም ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመደበው በአብዛኛው በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ስለሆነ ዩኒቨርሲቲው ራሱን የመሸጥ ግፊት የለበትም። ድረ ገጹ የሚጨናነቀው ምደባው በታወቀ ማግሥት ነው። ያን ሰሞን አዲስ ገቢው ተማሪ፣ ብዙ ጊዜም መላ ቤተሰቡ፣ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ መቼ ነው የምንገባው? በየትኛው ግቢ? ምን ይዘን እንምጣ? የትምህርት ማስረጃው ዋናው ነው ወይስ ኮፒው? ጉርድ ፎቶ ስንት? አንሶላና ብርድ ልብስ ይያዛል? ከአውቶቡስ መናኸሪያው ግቢው በምን ይደረሳል? በግል ኮሌጆች ዘንድ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው ጉዳይ እውቅና ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለየትምህርት ፕሮግራሙና ለየግቢው ነው። ስለዚህ «እውቅና ያለን ነን» የሚል አንድ መስመር ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። የትኛው ፕሮግራም፣ በየትኛው ደረጃ፣ በየትኛው ግቢ፣ እስከ መቼ የሚለውን በሰንጠረዥ የሚያወጣ ኮሌጅ የተማሪውን ገንዘብና ዓመታት ያከብራል። ከመዋኛ ገንዳው ፎቶ በፊት ይህ ሰንጠረዥ ሊመጣ ይገባል።

ስለ ፎቶ ከተነሣ፣ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ እየተፈራረቁ የሚያልፉት ትልልቅ ሥዕሎች የዲዛይነሩ ሳይሆን የውስጥ ፖለቲካው ውጤት ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል ዜናው ከላይ እንዲወጣለት ይፈልጋል፤ ሁሉንም ማስደሰቻው መንገድ በየተራ ማሳየት ሆነ። በአሜሪካው ኖትር ዴም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ቆጠራ እንዳሳየው እንዲህ ያለውን ተንሸራታች የሚነካው ከጎብኚው አንድ ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ከነዚህም አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ሥዕል እንጂ ተከታዮቹን አይነኩም። ጉዳቱ ግን ለሁሉም ይደርሳል። ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ አንድ ፎቶ አራትና አምስት ሜጋባይት ሊመዝን ይችላል፤ በልኩ ቢቀነስ ከሁለት መቶ ኪሎባይት በታች ሆኖ በስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም። አምስት እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ማለት ተማሪው የምዝገባ ቀን ለማየት ሲል ከገዛው ፓኬጅ ላይ ሃያ ሜጋባይት ከፍሏል ማለት ነው። በኢትዮጵያ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚያየው በእጅ ስልክ ነውና፣ ገጹ በዲኑ ቢሮ ሰፊ ስክሪን ላይ ምን እንደሚመስል መገምገም ብዙም ትርጉም የለውም። መገምገም ያለበት በርካሽ ስልክ፣ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው።

በየቦታው የሚታየው የማስታወቂያ አለጣጠፍም የራሱ ታሪክ አለው። አንድ ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፋል፤ ይታተማል፤ ይፈረምበታል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ወይም ስካን ተደርጎ በድረ ገጹና በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ይለጠፋል። ይህ ልማድ ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛው ማኅተም ያላረፈበትን ነገር ሰው አያምንም። ሁለተኛው ቴክኒካዊ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ ዕትም ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝም ሆነ ቪዥዋል ግዕዝ የተባሉት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ፊደሉን በየራሳቸው መንገድ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡት ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። በሥዕል መለጠፍ ያን ጊዜ ብልኅነት ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ስልክ አማርኛን ያለ ችግር ያነባል፤ ቴክኒካዊው ምክንያት ቢቀርም ልማዱ አልቀረም።

የሥዕል ማስታወቂያ ጉዳቱ ብዙ ነው። በጎግል አይገኝም፤ ከውስጡ ስልክ ቁጥር ወይም የሒሳብ ቁጥር ገልብጦ መውሰድ ያስቸግራል፤ በትንሽ ስልክ ላይ ካላሰፉት አይነበብም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ዓይነ ስውሩን ተማሪ ከቤት ውጭ ማስቀረቱ ነው። ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ስክሪኑን በድምፅ የሚያነቡላቸው ጃውስንና ኤንቪዲኤን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች አሉ። የኋለኛው እ.ኤ.አ. በ2006 በአንድ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ወጣት የተጀመረና በነፃ የሚገኝ ነው። እነዚህ ሶፍትዌሮች ጽሑፍ ያነባሉ፤ የተነሣ ፎቶ ሲያጋጥማቸው «ምስል» ብለው ያልፋሉ። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ደብዳቤው የተጻፈበት ፋይል ቀድሞውኑ በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ አለ፤ ጽሑፉን ገልብጦ በገጹ ላይ ማስቀመጥና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ከሥሩ ማያያዝ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ይህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ሃርቫርድንና ኤምአይቲን በነፃ የለቀቋቸው የትምህርት ቪዲዮዎች ትክክለኛ የግርጌ ጽሑፍ የላቸውም ብሎ ከሰሰ፤ ክሶቹ በ2019 እና በ2020 በስምምነት ሲዘጉ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጽሑፉን ለማሟላት ግዴታ ገብተዋል። የካሊፎርኒያው በርክሌይ ታሪክ የበለጠ ያወዛግባል። የፍትሕ ሚኒስቴሩ በ2016 በነፃ የለቀቃቸው ቪዲዮዎች የአካል ጉዳተኞችን ሕግ እንደማያሟሉ ሲያሳውቀው፣ ዩኒቨርሲቲው በ2017 ከሃያ ሺህ በላይ የድምፅና የቪዲዮ ትምህርቶችን ከሕዝብ ዕይታ አነሣ። ብዙዎች አካል ጉዳተኞቹን ወቀሱ፤ «በእነሱ ምክንያት ሁላችንም አጣን» ተባለ። ወቀሳው መስመሩን የሳተ ነው። ጽሑፉ ትምህርቱ ሲቀረጽ ቢሠራ ኖሮ ወጪው በየሴሚስተሩ ይከፋፈል ነበር፤ ለዓመታት ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ነው የማይቻል የመሰለው። ዲዛይነሮች የሚመሩበት ዓለም አቀፍ መስፈርት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ እየተሻሻለ የመጣ ሲሆን፣ አንዳንዱ ነጥቡ በጣም ቀላል ነው፦ ለምሳሌ ተራ ጽሑፍ ከመደቡ ቢያንስ በ4.5 ለ1 ንጽጽር መለየት አለበት። በነጭ መደብ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ወይም ቢጫ ጽሑፍ ይህን አያልፍም። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት መረጃን ተደራሽ የማድረግ ግዴታን ይጨምራል።

አማርኛ በስክሪን ላይ ሲቀመጥ ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ዲዛይን ይበጣጠሳል። ፊደሉ ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው ርዕስን በትላልቅ ፊደላት ማጉላት አይቻልም፤ ማዘንበልም አያምርበትም። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ዘ እና ዠ የሚለያዩት በራሳቸው ላይ ባለች ትንሽ ምልክት ስለሆነ፣ ለእንግሊዝኛ የበቃው የፊደል መጠን ለአማርኛ ያንሳል፤ ሲደምቅ ደግሞ ምልክቷ ትዋጣለች። መጠኑን ከፍ፣ በመስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ሰፋ ማድረግ ይረዳል። ፍለጋው ሌላ ችግር ነው። አንዱ «ህክምና» ብሎ ይፈልጋል፣ ገጹ «ሕክምና» ብሎ ጽፏል፤ አንዱ «ስራ» ይላል፣ ሌላው «ሥራ»። የፍለጋ ሳጥኑ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥር ካልተደረገ ያለውን ነገር የለም ይላል። ይህ የግማሽ ቀን የፕሮግራመር ሥራ ነው፤ ማንም ስላላዘዘው ግን ሳይሠራ ይቀራል።

ቀንና ሰዓትም እንዲሁ። «ምዝገባ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚለውን አዲስ አበባ ያለ ሰው አይሳሳተውም። ይኸው ማስታወቂያ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ቁጥሩ ሳይቀየር ከተገለበጠ ግን፣ ከናይሮቢ ወይም ከበርሊን የሚያነብ ተመራማሪ ሰባት ዓመት ያለፈበትና ሌሊት የተያዘ ቀጠሮ ይመስለዋል። ቀኑ በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024፣ ሰዓቱም ከቀትር በፊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን የማስቀመጥ ደንብ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ በዚያ ዕለት ተረኛ የሆነው ሠራተኛ እንደመሰለው ያደርጋል። ቋንቋውን በተመለከተም የአብዛኞቹ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽ ከሞላ ጎደል በእንግሊዝኛ ነው፤ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነውና። መምህሩና ተመራማሪው ይረዱታል። ልጇን የምትልክ እናት፣ ጨረታ የሚወዳደር አናጢ፣ ከግቢው አጥር ውጭ የሚኖር አርሶ አደር ግን አይረዱትም። ሁሉንም መተርጎም አያስፈልግም፤ የአዲስ ገቢዎች ገጽ፣ ጨረታ፣ ክሊኒክና አቤቱታ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ቢሆን አብዛኛው ጉዳይ ይሸፈናል።

ለአደጋ ጊዜ የሚደረገው ዝግጅት ከሌላው ሥራ ሁሉ ይለያል፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ለማጽደቅ ወረፋ የሚጠበቅበት ሰዓት የለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ተኩስ የተሰማው ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ተገደሉ። ለተማሪዎች የመጀመሪያው ኢሜይል የተላከው ሦስት ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ገዳዩ በሌላ ሕንጻ ውስጥ ሠላሳ ሰዎችን ገደለ። ጉዳዩን የመረመረው ቡድን ማስጠንቀቂያው መዘግየቱን ነቅፏል፤ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግም ኮሌጆች የደረሰው አደጋ እንደተረጋገጠ ወዲያውኑ እንዲያሳውቁ አስገድዷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኮሌጆች የመልእክቱን ቃል አስቀድመው ጽፈው ያስቀምጣሉ፤ ማን ያለ ማንም ፈቃድ መላክ እንደሚችል ይሰይማሉ፤ ድረ ገጹ በሰው ብዛት እንዳይወድቅ ፎቶ የሌለበት ቀላል ገጽ ያዘጋጃሉ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2019 በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ደግሞ፣ በድረ ገጽ ብቻ መተማመን እንደማይቻል ይገባዋል። አጭር የስልክ መልእክት፣ የአካባቢው ኤፍኤም ሬዲዮና በግቢው በር ላይ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ የሥራው አካል ናቸው።

ቴሌግራም በኢትዮጵያ የኮሌጅ ኮሚዩኒኬሽን ዋና መንገድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኮቪድ ግቢዎችን ሲያዘጋ የኮርስ ማንዋሉም፣ ማስታወቂያውም በዚያ ሄደ፤ ፈጣን ነው፣ ቀላል ነው፣ ብዙ ዳታ አይበላም። ጉድለቱ ትዝታ የሌለው መሆኑ ነው። ከሦስት ወር በፊት የወጣ መመሪያ በመቶ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ሥር ይቀበራል፤ የተሻረውና የጸናው ማስታወቂያ እኩል ይታያል። በዩኒቨርሲቲው ስምና አርማ የተከፈቱ ሐሰተኛ ቻናሎችም አይጠፉም። ስለዚህ የተሻለው አሠራር ቋሚው ቃል በድረ ገጹ ላይ እንዲኖርና ቻናሉ ወደዚያ የሚወስድ ሊንክ እንዲያሰራጭ ማድረግ ነው። ቀኑ ሲለወጥ የሚታረመው አንዱ ገጽ ይሆናል። የእውነተኞቹ ቻናሎች ዝርዝርም በድረ ገጹ ላይ ከተቀመጠ፣ የተጠራጠረ ሰው የሚያመሳክርበት ቦታ ያገኛል።

ገጾቹን ለማደራጀት ዛሬ አብዛኛው ኮሌጅ የሚጠቀመው ፕሮግራሚንግ ሳያውቁ ለመጻፍና ለማረም የሚያስችሉ ሥርዓቶችን ነው። ከታወቁት አንዱ ድሩፓል የተጀመረው በአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ይማር በነበረ ድሪስ ቦይታርት በተባለ ቤልጅየማዊ ወጣት፣ በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ነው፤ ለሕዝብ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ወርድፕሬስ በ2003 ተከተለ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ነፃ መሆናቸው ግን ወጪ የላቸውም ማለት አይደለም፤ የደኅንነት ማሻሻያ በየጊዜው ካልተጫነላቸው ለሰርጎ ገቦች ይጋለጣሉ፤ የኮሌጁ ገጽ በሌሊት የቁማር ማስታወቂያ ሆኖ የሚያድረው በዚህ በኩል ነው። ለየክፍሉ የመጻፍ ፈቃድ መስጠትም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሃምሳ ሰው መጻፍ ከቻለ ሃምሳ ዓይነት አጻጻፍ ይመጣል፤ አንድ ሰው ብቻ ከቻለ ሁሉም ነገር እሱ ፈቃድ ሲወጣ ይቆማል። የሚሠራው መሐል መንገድ፣ ክፍሎቹ የሚያረቅቁበት፣ ማዕከሉ የሚያርምበትና እያንዳንዱ ገጽ የኃላፊው የሥራ መደብና የሚከለስበት ቀን የተጻፈበት ነው። የሰው ስም ሳይሆን የሥራ መደብ የሚባልበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰው ይዛወራል።

የመጨረሻው ጉዳይ ቁልፉን የያዘው ማን ነው የሚለው ነው። በኢትዮጵያ በኢዲዩ ዶት ኢቲ የሚያበቃው የትምህርት ተቋማት አድራሻ የሚመዘገበው በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ነው። ምዝገባው በየጊዜው ይታደሳል፤ ገጹ አስተማማኝ መሆኑን ለማሰሻው የሚያረጋግጠው ሰርተፍኬትም እንዲሁ። የእድሳቱ ማሳሰቢያ የሚሄደው ሲመዘገብ ወደተሰጠው ኢሜይል ነው። ያ ኢሜይል ከዓመታት በፊት ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ የግል አድራሻ ከሆነ፣ ኮሌጁ ማሳሰቢያውን የሚሰማው ድረ ገጹ ሲጠፋ ነው። የፌስቡክ ገጹና የቴሌግራም ቻናሉ ባለቤትነትም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ስለዚህ በርክክብ ሰነዱ ውስጥ ከላፕቶፑና ከካሜራው ጎን የዶሜይኑ ምዝገባ፣ የሰርቨሩ ውል፣ የእያንዳንዱ ገጽና ቻናል አስተዳዳሪነት፣ የፎቶ ማኅደሩ ያለበት ቦታና መጠባበቂያ ቅጂው መጨረሻ የተሞከረበት ቀን መስፈር አለባቸው፤ ሁሉም በኮሌጁ ኢሜይልና በኮሌጁ ስልክ ቁጥር የተመዘገቡ ሆነው፣ ተረካቢው በራሱ እጅ ገብቶ መክፈቱን አይቶ ይፈርማል።